የሟቹ ማሽን ቆርቆሮ

የኮምቦልቻ መካኒክ እንጀራው የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር ነው። ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ሰፊ ግቢ ካለው ድርጅት በቀር ማንም ጋ ስለማይገኝ፣ እኔ ዘንድ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ክረምቱ አልቆ ሣሩ ጉልበት በደረሰበት ሰሞን ግን ከአንድ ድርጅት ተጠራሁ።

ማሽኑ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ነዳጁን የሚለኩሰው ካንዴላ ጥቁር ቅባት ለብሶ ይወጣል። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ነው። የግዢ ሠራተኛው እኔ ከመድረሴ በፊት መላ መትቶ ኖሯል፤ ቁጥሩን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ አዲስ አበባ ልኮ ሙሉ የፒስተን ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከብቡትን የብረት ቀለበቶች፣ አስመጥቷል። ይህ የሚያስወቅሰው አይደለም። እንዲያውም ከብዙ ደንበኞቼ ይሻላል፤ "ቀይ ቀለም የተቀባው ሞተር" ብሎ መለዋወጫ የሚያዝዝ ሰው ስንት አለ መሰላችሁ! በእነዚህ ሞተሮች ማራገቢያውን በሚሸፍነው ቆርቆሮ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይታተማሉ፦ ሞዴል፣ ዓይነትና ኮድ። የሞዴሉ የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች የዚህን ሞተር መጠን በኪዩቢክ ኢንች ይናገራሉ። የእኛው 28 ብሎ ይጀምራል፤ የመጣውም ፋሻ የ28 ነው። በወረቀት ሁሉም ነገር ልክ ነበር።

ፋሻ ከመግጠሜ በፊት አንዱን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ከትቼ በፒስተኑ አናት ቀጥ አድርጌ እገፋዋለሁ። በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚቀረው ክፍተት ስስ የብረት ልጣጭ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር በብዙ ያነሰ መሆን አለበት። ይኸኛው ያለ ምንም ግፊት ሰተት ብሎ ወረደ። ክፍተቱን ብለካው አሥር ሚሊ ሜትር ያህል ሆነ።

"ሲሊንደሩ ተበልቶ ነዋ!" አለ የግዢ ሠራተኛው። "ከፍ ያለውን ልክ እንዘዝ።"

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እንዲህ ባለው ጥድፊያ ነው። የአሥር ሚሊ ሜትር ክፍተት ለ3.14 ሲካፈል በስፋት ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው። ለተበላ ሲሊንደር የሚሠራው ከፍ ያለ ልክ ደግሞ በ0.25፣ በ0.50፣ ቢበዛ በ0.75 ሚሊ ሜትር ነው የሚጨምረው። ሦስት ሚሊ ሜትር የተበላ ሲሊንደር ይዞ የሚዞር ሞተር በዚህ ምድር ላይ የለም። ስለዚህ ወይ ፋሻው ወይ ቁጥሩ አንዱ ይዋሻል፤ የፋሻው ማሸጊያ ደግሞ ከቁጥሩ ጋር በትክክል ይስማማል።

ፒስተኑን በጨርቅ ጠቅልዬ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቼ ደሴ ገባሁ። እዚያ ብዙ ዘመን የሞተር ዕቃ የሸጡ አንድ ሐጂ አሉ። ፎቶውን ሳሳያቸው ገፋ አድርገው፣ "አብሽር ልጄ፣ መጀመሪያ ብረቱን አምጣ" አሉኝ። የፒስተኑን አናት በነዳጅ አጥበው የተቀረጸ ጭማሪ ልክ እንዳለ ፈለጉ፤ የለም። እንግዲያው ሞተሩ ተቦርቦሮ ልኩ አልተለወጠም። እኔ የሲሊንደሩን ውስጥ ለክቼ 90.5 ሚሊ ሜትር ማግኘቴን ነገርኳቸው። የዕቃ መጽሐፋቸውን ገለጡ። የ28ቱ ሲሊንደር ስፋት 87.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ 90.5 የሚሆነው የ31ዱ ነው። የፒስተኑ ምልልስ በሁለቱም አንድ ዓይነት፣ 77.7 ሚሊ ሜትር ነው።

"ታዲያ ሐጂ፣ ቆርቆሮው ለምን 28 ይላል?"

ያን ጊዜ ነው ፎቶውን መልሰው ያዩት። ኮዱ 010618 ብሎ ይጀምራል። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ሰኔ 18 ቀን 2001፣ በእኛ ሰኔ 11 ቀን 1993 ዓ.ም.። "ማሽኑን መቼ ገዛችሁት?" አሉኝ። ደውዬ ጠየቅሁ፤ የንብረት መዝገቡ አዲስ ሆኖ በ2000 ዓ.ም. እንደተገዛ ይላል። ሐጂ ሳቁ። "ሰባት ዓመት ሱቅ የተኛ አዲስ ማሽን? እስቲ ሣር አጫጁን ጠይቀው" አሉኝ።

ግቢው ውስጥ ያንን ማሽን ዕድሜውን ሁሉ የነዱት ሽማግሌ አትክልተኛ አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ እኔ ሳነሣባቸው ግን ለመመለስ ትንፋሽ እንኳን አልወሰዱም። "ቆርቆሮው እኮ የሟቹ ነው!" አሉ። ድሮ ሌላ ማሽን ነበር፤ ሞተሩ ሲሞት ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ተጣለ። የአዲሱ መሸፈኛ በድንጋይ ተመትቶ ሲሰነጠቅ አንድ ጠጋኝ የሟቹን ፈትቶ አለበሰው። ቀዳዳዎቹ ገጠሙ፣ ብሎኑ ያዘ፣ ሥራው አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ 31ዱ ሞተር የሟች ጋቢ ደርቦ በሟቹ ስም ሲጠራ ኖረ።

የቀረው ቀላል ነው። ቶርኖ ቤት ሲሊንደሩን ከላይም ከታችም፣ በሁለት አቅጣጫ ለኩልኝ፤ የተበላው እንዲቦረቦር ከሚያስገድደው 0.075 ሚሊ ሜትር በታች ሆነ። የ31ዱ መደበኛ ፋሻ በሐጂ በኩል መጣ፤ ግድግዳውን በሞረድ ድንጋይ አሻሸሁት፤ ገጠምኩት። ጭሱ ጠፋ።

የ28ቱ ፋሻ ማሸጊያው ስለተቀደደ ሻጩ አልመልስም አለ። ግምጃ ቤት ገብቶ በመዝገብ ሰፈረ። ይህን የሰሙት ሥራ አስኪያጅ አስጠሩኝና፣ "ልኩ የሆነው ሞተር እዚሁ ግቢ ካለ ለምን ሟቹን አታስነሣውም?" አሉኝ። ሄጄ አየሁት። ሣር በቅሎበታል። ፒስተኑን ከዘንጉ የሚያያይዘው ቢየላ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጥቷል፤ በቀዳዳው በኩል እጄን ብሰድ የውስጡን ዘንግ ነካሁት።

"ፋሻ ብቻ አይበቃውም፣ ጌታዬ" አልኳቸው።