ስም የሌለው መዝገብ፦ የጆርጂያን ባርነት ከሰነዱ ማንበብ

የአሜሪካዋን ግዛት የጆርጂያን የባርነት ታሪክ ከመዝገቦቹ ለምታነቡ፣ እስካሁን የተደረሰበት ይህ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።

መነሻው አያስቸግርም። ቅኝ ግዛቱ በ1733 ተመሠረተ፣ በ1735 ባርነት ተከለከለ፣ ክልከላው ከ1751 ጀምሮ ተነሣ። በ1793 የጥጥ መዳመጫ ማሽን መጣና ጥጥ ወደ መሀል አገሩ ዘለቀ። በ1860 በባርነት የተያዙት 462,198 ነበሩ፤ ከሕዝቡ 44 በመቶ ያህል።

ራስ የሚያዞረው ስም ፍለጋው ነው። የ1850 እና የ1860 የባሪያ ቆጠራ ቅጾች የባለቤቱን ስም ይጽፉና ከሥሩ ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም ይደረድራሉ። ከባርነት የወጡት በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። ስለዚህ ከዚያ ወደኋላ ሂዱ። በ1870 34 ዓመት የተባለች ሴት በ1860 24 መሆን ነበረባት፤ 20 ወይም 28 ሆና ብትገኝ ግን አይግረማችሁ። ዕድሜዋን የሚናገረው ጌታዋ ነው፣ እሱም በግምት። ወዲህም ወዲያም 5 ዓመት ፍቀዱ። 6/12 የተጻፈበት ሕፃን ስድስት ወሩ ነው፤ ስድስት ዓመት ብለው የሚገለብጡ ብዙ ናቸው። ገጹም ሁለት ዓምድ አለው፦ ግራውን እስከ ታች ሳትጨርሱ ወደ ቀኝ ካለፋችሁ የአንዱን ጌታ ሰዎች ለሌላው ትሰጣላችሁ።

በቤተሰብ ስም ጌታውን መፈለግ የሚባለውን ዘዴ ተዉት። ብዙዎች የመጨረሻ ጌታቸውን ስም አልያዙም። በ1870 በአጠገባቸው የሚኖሩትን ባለመሬት ነጮች አንድ በአንድ ፈትሹ፤ ከእነሱ መካከል ከነፃነት በፊት የሞተ ዘመድ ያለው ካለ የካውንቲውን (የአውራጃውን) የውርስ መዝገብ ክፈቱ። በሟች ንብረት ዝርዝር ውስጥ ሰዎቹ በስምና በዋጋ ተጽፈዋል፣ ብዙ ጊዜም እናት ከነልጆቿ። ከርኅራኄ አይደለም፤ ወራሾች ሲከፋፈሉ ማን ለማን እንደደረሰ መታወቅ ስለነበረበት ነው።

የጨረታ ካታሎግም ስም ይሰጣል። ማርች 2 እና 3፣ 1859፣ ሳቫና አጠገብ ባለ የፈረስ መሮጫ ባለ እርሻው ፒርስ በትለር በባርነት የያዛቸው ሰዎች ተሸጡ፤ ካታሎጉ ላይ የሰፈሩት 436 ናቸው። መጀመሪያዎቹ (ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ)፦ 1 ጆርጅ፣ 27፣ ጥጥ ተካይ፤ 2 ሱ፣ 26፣ ሩዝ ተካይ፤ 3 ጆርጅ፣ 6፤ 4 ሃሪ፣ 2። እያንዳንዳቸው 620 ዶላር፣ የሁለት ዓመቱም ልጅ። እነዚህን አራት ሰዎች በ1860 ቆጠራ በበትለር ስም ሥር አትፈልጉ። የገዢውን ገጽ አውጡና በየዕድሜያቸው ላይ አንድ ጨምሩ፦ ወንድ 28፣ ሴት 27፣ ወንድ 7፣ ወንድ 3።