በባክጋሞን መክፈቻ ላይ መቼ አጠቃለሁ፣ መቼ እከላከላለሁ

ባክጋሞንን (ሁለት ሰዎች በዳይስና በጠጠር የሚጫወቱትን የሰሌዳ ጨዋታ) ጠበቅ አድርጌ መማር ስጀምር ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አልጫወትም ነበር። ሰሌዳውን እደረድራለሁ፣ ለሁለቱም ወገን ዳይስ እጥላለሁ፣ ሁለቱም ሦስት ሦስት ተራ ከሄዱ በኋላ አፍርሼ እንደገና እደረድራለሁ። በአንድ ዓይነት ዳይስ መጀመሪያ በማጥቃት፣ ቀጥሎ በመከላከል እሄድና የደረስኩባቸውን ሁለት አቀማመጦች አስተያያለሁ። በመጨረሻ ምርጫዬን በጂኤንዩ ባክጋሞን አስፈትሸዋለሁ። ነፃ ፕሮግራም ነው፤ የእያንዳንዱን አማራጭ ዋጋ በቁጥር ያሳያል፣ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ምክንያቱን መፈለግ የኔ ሥራ ነበር፤ ከሁሉም የጠቀመኝም እሱ ነው።

ነገሩ እንዲገባ አቀማመጡን በአጭሩ ላስታውስ። ሰሌዳው 24 ቤት አለው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች 15 ጠጠር። ቤቶቹን ከራሴ ወገን ስቆጥር ከ1 እስከ 6 ያለው የኔ ሜዳ ነው፣ ከ19 እስከ 24 ያለው የተጋጣሚዬ። ጠጠሮቼን ከ24 ወደ 1 አቅጣጫ እነዳለሁ፤ ሁሉንም ሜዳው አስገብቶ ቀድሞ ከሰሌዳው ያወጣ ያሸንፋል። ሲጀመር 24ኛው ላይ 2፣ 13ኛው ላይ 5፣ 8ኛው ላይ 3፣ 6ኛው ላይ 5 ጠጠሮች አሉኝ። የተጋጣሚዬም እንደዚሁ ነው፣ በተቃራኒ አቅጣጫ፤ ስለዚህ ሁለቱ የኋላ ጠጠሮቹ የኔ 1ኛ ቤት ላይ ናቸው። ብቻዋን የቆመችን ጠጠር ተጋጣሚ ሊበላት ይችላል፤ የተበላች ጠጠር ሰሌዳው መሃል ያለው ባር ላይ ትቀመጥና ከተጋጣሚ ሜዳ እንደገና ትጀምራለች። ሁለት ሆነው ከቆሙ ግን ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው።

ማሰብ የማይጠይቁ ዳይሶች አሉ። 3-1 (አንዱ ዳይስ 3፣ ሌላው 1) ከወጣ 5ኛውን ቤት እዘጋለሁ፣ 4-2 ከወጣ 4ኛውን፣ 6-1 ከወጣ 7ኛውን። እነዚህ ማጥቃትም መከላከልም ስለሆኑ ጭንቀት የለባቸውም። ጭንቀቱ ያለው እንደ 4-1 እና 2-1 ባሉት፣ ቤት በማይዘጉት ላይ ነው።

4-1ን እንውሰድ። አንዷን ጠጠር ከ13 እስከ 8 ብወስዳት ሰሌዳው ላይ የምትበላ ጠጠር የለኝም። ብዙ ሰው ይህን «መከላከል» ይለዋል። በኔ አስተያየት ግን ምንም አለማድረግ ነው። 8ኛው ላይ አራት ጠጠር ተከመረ፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ እዚያው ተቀምጠዋል፣ አዲስ ቤት የሚያዘጋጅ ነገር የለም። መከላከል የምለው ተጋጣሚዬ ሜዳ ውስጥ ያሉትን ሁለት ጠጠሮች ቦታ ማስያዝን ነው። ስለዚህ 4-1 ሲወጣ አንዷን ከ24 ወደ 23፣ ሌላዋን ከ13 ወደ 9 አደርጋለሁ። 9ኛው ላይ ያለችውን ለመብላት ተጋጣሚዬ በትክክል 8 ያስፈልገዋል፤ 36ቱ የዳይስ አወጣጦች ውስጥ ይህን የሚሰጡት 6 ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ዓይኔን የከፈተልኝ የመበላት ዋጋ ነው። የራሴ 5ኛ ቤት ላይ ያለች ጠጠር ከተበላች የመጣችበትን 20 እርምጃ አጣለሁ። 23ኛው ላይ ያለችው ብትበላ ግን የማጣው 2 እርምጃ ነው። ተጋጣሚዬ ደግሞ እዚያ ድረስ ገብቶ ለመብላት የራሱን ጠጠር ለኔ ያጋልጣል፤ መልሼ ብበላው እሱ ከ20 በላይ ይከስራል። የኋላ ጠጠሮች በጊዜ ሲንቀሳቀሱ አደገኛ የሚመስለው ለዓይን ነው እንጂ ሒሳቡ ሌላ ነው የሚለው።

ሁለተኛው ሒሳብ የተጋጣሚዬ ሜዳ ነው። መጀመሪያ ላይ የዘጋው አንድ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ብበላም ከባሩ ሳልገባ የምቀረው ከ36 በ1 ነው። ሁለት ቤት ከዘጋ ከ36 በ4፣ ሦስት ከዘጋ በ9፣ አራት ከዘጋ በ16፣ አምስት ከዘጋ በ25። ድፍረት ርካሽ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ተራዎች የሆነው ለዚህ ነው። እኔ ጋ የሚቆጠረው «ስንት ጊዜ እበላለሁ» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «ብበላ ምን አጣለሁ» የሚለውም አብሮ ይቆጠራል።

ይህ ክርክር ድሮም ነበር። 2-1፣ 4-1 ወይም 5-1 ሲወጣ የድሮ ሊቃውንት በ1ዱ አንዷን ጠጠር ከ6 ወደ 5 አውርደው ብቻዋን ያቆሟት ነበር፤ ካልተበላች በሚቀጥለው ተራ ሁለተኛ ተጨምራባት ምርጡ ቤት ይዘጋል። የምትበላው ከ36 በ15 ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የአይቢኤም ተመራማሪው ጄራልድ ቴሳውሮ የሠራው ቲዲ-ጋሞን የተባለ ፕሮግራም ከራሱ ጋር እየተጫወተ ሲማር በ1ዱ ከ24 ወደ 23 መሄድን መረጠ። ሊቃውንቱም ፈትሸው በ4-1 እና በ5-1 ላይ የድሮውን ልማድ ተዉት። በ2-1 ላይ ግን ሁለቱ መንገዶች እስከ ዛሬ ተቀራራቢ ናቸው። እኔ 2-1 ሲወጣ 5ኛው ላይ አወርዳለሁ። ጨዋታው ቶሎ ይጋጋላል፣ እኔም እሱን እወዳለሁ።

ማጥቃት መቼ ነው ታዲያ? ተጋጣሚዬ የኋላ ጠጠሮቹን ከነጣጠለ ነው። አንድ አቀማመጥ ደጋግሜ ሠርቼበታለሁ። እሱ በ6-2 ከፍቶ አንዷን የኋላ ጠጠር የኔ 7ኛ ቤት ላይ አደረሳት፤ ሌላዋ የኔ 1ኛ ቤት ላይ ብቻዋን ቀርታለች። ለኔ 5-5 ወጣ። በተለመደው አካሄድ ሁለት ጠጠሮች ከ13 ወርደው 3ኛውን ይዘጋሉ፤ ጥሩ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። እዚህ ግን ሁለቱን ከ8 ወደ 3፣ ሁለቱን ከ6 ወደ 1 አወርድና 1ኛው ላይ ያለችውን እበላታለሁ። ይህች ጠጠር የምታሳጣው 1 እርምጃ ብቻ ስለሆነ በሩጫው የተገኘ ነገር የለም። የተገኘው ጊዜ ነው። ሦስት ቤት ዘግቻለሁ፣ ከ36 በ9 ባሩ ላይ ይቀራል፣ ቢገባም ዳይሱን ግማሽ ለመግባት አውሎታል፤ 7ኛው ላይ ያለችው ጠጠሩም ጠባቂ የላትም። 8ኛው ላይ አንዷን ብቻዋን ትቻለሁ፤ ሊበላት የሚችለው ከ36 በ11 ነው። ይህን እከፍላለሁ። ያው 5-5 የኋላ ጠጠሮቹ አብረው በቆሙበት ጊዜ ቢወጣ ግን 1ኛው ላይ የሚበላ የለም፤ ከ13 ወደ 3 እወርዳለሁ።

አሜሪካዊው የባክጋሞን ሊቅ ፖል ማግሪል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስቀመጣቸው መመዘኛዎች እዚህ ላይ ረድተውኛል። የተጋጣሚ ሜዳ ከጠነከረ ጥንቃቄ፤ እኔ እሱ ሜዳ ውስጥ አንድ ቤት ይዤ ከሆነ ድፍረት። በተለይ 20ኛውን ከያዝኩ በኋላ አጨዋወቴ ይለወጣል፤ ብበላም ሁልጊዜ የምገባበት ቤት ስላለኝ ፊት ላይ ጠጠሮችን እየበተንኩ ቤት ለመዝጋት አልፈራም። መጀመሪያ መከላከል፣ ከዚያ በእሱ ላይ ቆሞ ማጥቃት ማለት ነው።

ከሁሉም አስቸጋሪው ተጋጣሚዬ በ3-1 ከፍቶ 5ኛ ቤቱን የዘጋበት ነው። አሁን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይጎትተኛል። የኋላ ጠጠሮቼ ከፊታቸው ግድግዳ ሳይቆምባቸው ቶሎ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ሜዳው ስለጠነከረ ግን መነጣጠላቸው ከበፊቱ ይበልጥ ያስከፍላል። ለዚህ ቋሚ ደንብ የለኝም፤ ዳይሱን እያየሁ አንድ በአንድ ቆጥሬ ነው የምወስነው።

የውድድሩ ነጥብም መታየት አለበት። 6-4 ሲከፈት ሦስት መንገድ አለ፦ 2ኛውን ቤት መዝጋት፣ አንዷን የኋላ ጠጠር እስከ 14 ማስሮጥ፣ ወይም ከ24 ወደ 18 እና ከ13 ወደ 9። በተራ ጨዋታ ሦስቱም ይቀራረባሉ። 2ኛውን መዝጋት ግን በእጥፍ የሚቆጠረውን ጋሞን (ተጋጣሚ አንድም ጠጠር ሳያወጣ ማሸነፍን) ይበልጥ ያመጣል፤ ስለዚህ ሁለታችንም ውድድሩን ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ ሲቀረን፣ ጋሞን ምንም በማይጨምርበት ጊዜ፣ እተወዋለሁ። በቀረው ጊዜ ሦስተኛውን የምመርጠው ሰሌዳው ሰፋ ሲልልኝ ደስ ስለሚለኝ ነው፤ ፕሮግራሙም በዚህ ብዙ አይወቅሰኝም።