ጡቴን ካጣሁ በኋላ ከገላዬ ጋር የታረቅሁበት መንገድ

የግራ ጡቴ በካንሰር ምክንያት በቀዶ ሕክምና ተወግዶ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ቁስሉ በቶሎ ደረቀ፤ ከራሴ ገላ ጋር መታረቁ ግን ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ዘመዶቼ «ዋናው ነፍስሽ መትረፉ ነው» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ሆኖም አባባሉ በቅን ልቡና ቢነገርም ለሐዘኔ ቦታ አልተወለትም። ልጆቼን ያጠባሁበት ጡት ነውና ለእሱ ማዘን ምስጋና ቢስነት እንዳልሆነ ያስረዳችኝ ቁስሌን የምታጥብልኝ ነርስ ናት።

እሷው በመከረችኝ መሠረት ጠባሳውን የተለማመድኩት በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ መጀመሪያ ከልብሴ በላይ በመዳፌ ዳሰስኩት፣ ቀጥሎ ስታጠብ ቁልቁል አየሁት፣ መስታወት ፊት የቆምኩት ከዚያ በኋላ ነው። የሌለው ጡት ሲያሳክከኝ አእምሮዬ የተነካ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ነርቮች በመቆረጣቸው የሚመጣና በብዙ ሴቶች ላይ የሚታይ ስሜት ነው። ባለቤቴን እንዲያየው የጠየቅሁትም እኔ ነኝ፤ እስከዚያ የራቀኝ ለካ ተጸይፎ ሳይሆን እንዳያሳምመኝ ፈርቶ ኖሯል።

በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ደርቦ መዋል ማንንም ስለማያስገርም መሸፈኑ ቀላል ነበር፤ አስቸጋሪው ሚዛኑ ነው። በጡት መያዣዬ ውስጥ ባዘቶ ብጠቀጥቅ ክብደት ስለሌለው ወደ ላይ እየሸሸ አሳቀቀኝ። ስለዚህ ከለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ትንሽ ከረጢት ሰፍቼ ከታች ተልባ፣ ከላይ ባዘቶ ሞላሁበትና የቀኝ ጡቴን እስኪያክል በእጄ እየመዘንኩ አስተካከልኩት። ተልባ ውሃ ሲነካው ስለሚያሟልጭ ከረጢቱን ሳጥብ አስቀድሜ አወጣዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ትከሻዬ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉን ተወ፤ የሐበሻ ቀሚሴም ደረቴ ላይ ደህና ተቀመጠ።

ሐዘኑ እንቅልፍና ምግብ ሲከለክለኝ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ጸበልም እጠመቃለሁ፤ ካንሰሩ እንዳይመለስ የምወስደውን የታሞክሲፈን ኪኒኔን ግን አላቋርጥም፣ ምንም እንኳ የሚያመጣብኝ ወበቅ በውርጭ ሌሊት ብርድ ልብስ ቢያስጥለኝም።

ከክንድ የሚመጣውን ፈሳሽ የሚያጣሩት የሊምፍ ዕጢዎች ከብብቴ ስለወጡ ፈሳሹ ተጠራቅሞ ክንዴ እንዳያብጥ እጠነቀቃለሁ። ድግስ ቤት ከባድ ድስት አንሺ ስባልም ምክንያቱን ሳልሸሽግ እናገራለሁ፤ አንዳንዶቹ ወዲያው ወሬ ይለውጣሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ለብቻዬ ጠርተው በጡታቸው ስላገኙት እብጠት ያማክሩኛል፤ እነሱን ሳልውል ሳላድር ወደ ሐኪም እልካቸዋለሁ።