የአንድ ብር ሳንቲም አሜሪካ ልትላክ ስትል

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለው ጀልባ ማቆሚያ ብዙም በማይርቅ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ነው። የደንገል ታንኳ፣ መስቀል፣ የአንገት ልብስ እንሸጣለን። መስታወቱ ሥር አሮጌ ሳንቲሞችም አሉ። ከዘጌ ገዳማት የሚመለሱ ጎብኚዎች ቆም ብለው ያዩዋቸዋል። በዚህ የተነሳ ቤቱ ሳንቲም ያገኘ ሰው ሁሉ እኛን ይጠይቃል።

በቅርቡ የመጡት ጋሼ ከሌላው ጠያቂ ይለያሉ። ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ባለ 2002ቱ የአንድ ብር ሳንቲም ገበያ ላይ ሲወጣ፣ የራሳቸውን ብር ተክተው ከአዲሱ ከረጢት ጥቂት ወስደው አስቀምጠዋል። በፖስታ ጠቅልለው አመጧቸው።

“የሰው እጅ አልነካቸውም” አሉኝ።

አሜሪካ ያለው ልጃቸው ደግሞ ከኢንተርኔት ገበያ ያገኘውን ፎቶ በስልክ ልኮላቸዋል። ያቺው ሳንቲም በፕላስቲክ ታሽጋ፣ ቁጥር ተጽፎባት፣ ዋጋዋ በመቶዎች ዶላር። ጋሼ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ “ከእነዚህ የትኞቹን ልላክ?”

ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ሥራቸው ይሄ ነው። ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጣሉ፣ ከ1 እስከ 70 ደረጃ ይሰጡታል፣ ያሽጉታል። ከ60 ጀምሮ ያለው ገበያ ላይ ላልዋለ ሳንቲም ነው። ስለዚህ ለጋሼ ሳንቲሞች ጥያቄው ከ60 እስከ 70 ባለው የትኛው ላይ ያርፋሉ የሚል ነበር።

የጠረጴዛውን መብራት አጋደልኩት። አጉሊ መነጽሩን ሰጠኋቸውና ሳንቲሟን ጠርዟን ይዘው ቀስ እያሉ እንዲያዟዟሯት ነገርኳቸው። በዓይን ሲታይ እንከን የላትም። በመነጽሩ ግን የአንበሳው ፊት ላይ ትንንሽ ጭረቶች አሉ፤ ጎፈሩም ላይ አንድ ቦታ ተሰርጉዷል።

“ይሄ ምንድነው ልጄ?”

“ሌላ ሳንቲም የመታት ነው ጋሼ። ሳንቲሞች በማሽን ተመትተው ከተሠሩ በኋላ አንድ ላይ ነው የሚከመሩት። ከረጢት ውስጥም እርስ በርስ ይጋጫሉ።”

ዝም አሉ። ከዚያ “እውነትህን ነው” አሉ። “ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ስንገለብጠው ቢሮው በሙሉ ይሰማው ነበር።” ከእኔ ማብራሪያ በላይ ያሳመናቸው ይሄ የራሳቸው ትዝታ ነው። ለዕለት መገበያያ ተብሎ የተመታ ሳንቲም 70 ማግኘቱ እጅግ ብርቅ የሆነበት ምክንያትም ይሄው ነው።

አንደኛዋ ደግሞ ከሁሉም በላይ ታበራለች። መብራቱ ሥር ስትሆን ግን ባንድ አቅጣጫ የሄዱ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ታዩባት። አቧራ አይተውባት በነጠላ ጫፍ ጠርገዋታል። ተወልውሎ የተጫረ ሳንቲም ብዙ ጊዜ ቁጥር አያገኝም፤ እውነተኛ ነው፣ ግን ተጠርጓል ተብሎ ይመለሳል። አሮጌ ሳንቲም ቤቱ ያለው ሰው ይህን ቢሰማኝ ደስ ይለኛል። ሎሚም፣ አመድም፣ ሳሙናም አያስነኩት።

ሒሳቡን የሠራችው የሱቃችን ባለቤት እትዬ ናት። ደረጃ ማሰጫው ያኔ ለአንድ ዘመናዊ ሳንቲም 20 ዶላር ገደማ ነበር። የአባልነት ክፍያና የደርሶ መልስ መላኪያ ይጨመርበታል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ 20 ዶላር ብቻውን ከ2,000 ብር በላይ ነው። ይህ ሁሉ ለአንድ ብር።

“ልጄ የላከው ዋጋስ?” አሉ ጋሼ።

“ያ ሻጩ የጠየቀው ነው እንጂ ገዢ የከፈለው አይደለም” አለቻቸው እትዬ። “ቅዳሜ ገበያ ነጋዴ የጠራውን ሁሉ ዋጋ ነው ይላሉ እንዴ?”

እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ተመሳሳዩ ሳንቲም በትክክል የተሸጠበትን ዋጋ ፈልጉ። ከዚያ የእናንተው ከጠበቃችሁት አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ቢመለስ ወጪውን ይሸፍን እንደሆነ አስሉ። ካልሸፈነ አይላክም።

ደረጃ ማሰጠት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። የምኒልክ ብር ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው። አስመስሎ የተሠራ ስላለ ገዢው እውነተኛነቱ እንዲረጋገጥለት ይፈልጋል። ግን እንደዚያ ያለው ቅርስ ስለሚሆን ከአገር ከመውጣቱ በፊት ፈቃድ ይጠየቅበታል። ሲመታ የተዛነፈ ዘመናዊ ሳንቲም ከተገኘም መመርመሩ ደግ ነው። ማርትሬዛ ይዘው “1780 ይላል እኮ!” የሚሉን ብዙ ናቸው። ቀኑ ሳይቀየር ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲመታ የኖረ ብር ነውና ቀኑ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ከጋሼ ሳንቲሞች የተሻሉትን ሁለቱን ለይተን ለየብቻቸው ጠንካራ ማስቀመጫ ውስጥ ከተትንላቸው። ለስላሳው ፕላስቲክ ሲቆይ አረንጓዴ ነገር ስለሚያወጣ እሱን አንጠቀምም። ጋሼ እዚያው ቆመው ልጃቸው ጋ ደወሉ። “ብሩን እንዳትከፍል፤ የተሸጠበትን ፈልግልኝ” አሉት። በማግስቱ መልሱን ሊነግሩን መጡ። ያልታሸገችው ያቺው ሳንቲም የተሸጠችው በጥቂት ዶላር ነበር።