ማንም ያላዘዘው እርማት

“ሕዝቡ ለስላሳብም አያጉረመርምም።”

ይህን ዓረፍተ ነገር ያገኙት አንጋፋው አራሚያችን ናቸው። ማረሚያ ቅጂው ላይ በቀይ አክብበው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። “ልጄ፣ ይሄ ምን የሚሉት አማርኛ ነው?” አሉኝ። እኔም ግራ ገባኝ። ወደ ሌይአውት (ገጽ ቅንብር) የላክሁትን የዎርድ ፋይል ከፍቼ አየሁ። እዚያ የተጻፈው “ሕዝቡ ቢራብም አያጉረመርምም” ነው።

ሁለት ገጽ አልፈን ደግሞ “በጎዳናው ለስላሳመድ” የሚል አገኘን። “ቢራመድ” ነበር። “ቢራራለት” ደግሞ “ለስላሳራለት” ሆኗል። ያኔ ነገሩ ገባኝ። አንድ ሰው ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ከፍቶ “ቢራ” የሚለውን በሙሉ በ“ለስላሳ” ቀይሯል። ኮምፒውተሩ ደግሞ የመጠጡን ቢራ ከሌላው አይለይም። ሁለቱ ፊደላት ተከታትለው ባገኘበት ሁሉ ቀይሯቸዋል።

መጽሐፉ ለአንድ የግል ትምህርት ቤት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚዘጋጅ አጋዥ ነው። ርእሱ ዲስቶፒያ የሚባለው የልብ ወለድ ዘርፍ ነው፤ ሰው በመንግሥት፣ በማሽንና በጎረቤቱ ዓይን ታጥሮ የሚኖርበትን ዓለም የሚያሳየው። ከጆርጅ ኦርዌል “1984” የተተረጎሙ ምዕራፎች አሉት። ስለ ሬይ ብራድበሪ “ፋራናይት 451” ደግሞ ሰፋ ያለ ሐተታ። ስለ ሳንሱር የሚያስተምር መጽሐፍ ማለት ነው።

ሌይአውት የሚሠራውን ልጅ ጠየቅሁት። “ሥራ አስኪያጁ ነው ቀይር ያለኝ፤ ጂን የሚባለውንም መጠጥ በሻይ ቀይሬዋለሁ” አለኝ። ሻይ ስለመግባቱ ገና አላወቅንም ነበር። “ጂን” የሚለው ቃል ሌላ ቃል ውስጥ ስላልተሰነቀረ፣ ሻይው ምንም ምልክት ሳይተው ከዳር እስከ ዳር ገብቷል። እኚያ ሁሉን የሚያዩ አራሚ እንኳ አላገኙትም። እንዴትስ ያገኙታል? ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው፣ ፊደሉ ልክ ነው።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ንግግራችንን ዛሬም አልረሳሁትም።

“ቢራውን ማን አወጣው?”

“እኔ ነኝ። ምነው?”

“ትምህርት ቤቱ ጠየቀ እንዴ?”

“አልጠየቀም። እስኪጠይቅ ለምን እንጠብቃለን? ለተማሪ ነው እኮ! አንድ ወላጅ ገጹን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ቢለቀው ሥራችን አለቀ።”

“ተርጓሚው ያውቃል?”

“አንቺ ደግሞ! ሁለት ቃል ነው እኮ። ታሪኩን ማን ነካው?”

“ታሪኩን ማን ነካው?” ያለው ነው እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ለድርጅቱም፣ ለደመወዛችንም የሚጨነቅ ሰው ነው። ለዚህም ነው ነገሩ የከበደኝ። ደብዳቤ የጻፈ ባለሥልጣን የለም። የደወለ ወላጅ የለም። ያልመጣ ቅሬታ ፈርቶ፣ ማንም ያልጠየቀውን አስቀድሞ አደረገ።

ታሪኩ ግን ተነክቷል። እዚያው ቆሜ ነገርኩት።

“1984” ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ስሚዝ ወደ አንድ የድሆች መጠጥ ቤት ይገባል። አብዮቱ ከመምጣቱ በፊት ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ይፈልጋል። አገሩን የሚገዛው ፓርቲ የድሮውን ጋዜጣ ሁሉ እንደገና ጽፎታል። ዊንስተን ራሱም የእውነት ሚኒስቴር በሚባለው መሥሪያ ቤት የሚሠራው ይህንኑ ነው። የቸኮላት ራሽን ከ30 ግራም ወደ 20 ዝቅ ይላል፤ በማግስቱ “ወደ 20 ከፍ አለ” ተብሎ ይታወጃል። የቀድሞውን የሚመሰክር ወረቀት ደግሞ ወደ እሳት ይጣላል። ስለዚህ ዊንስተን አንድ ሽማግሌ ይፈልጋል። መጠጥ ቤቱ ውስጥ አገኘው። ሽማግሌው ከአስተናጋጁ ጋር እየተጣላ ነው። ፓይንት ቢራ ይላል፤ ልጁ ፓይንት የሚባል መለኪያ ሰምቶ አያውቅም። ያለው ሊትርና ግማሽ ሊትር ነው። ግማሽ ሊትር ለሽማግሌው አይበቃውም፤ ሊትር ደግሞ ይበዛበታል። ከዚያ ዊንስተን ስለ ድሮ ሲጠይቀው ሽማግሌው ፈጥኖ የሚመልሰው ስለ ቢራ ነው። የድሮው ይሻል ነበር፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር፣ በወጣትነቴ ፓይንቱ 4 ፔንስ ነበር ይላል።

በዚያ አገር ውስጥ ፓርቲው ያላረመው ምስክርነት ይህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ የአንድ ሽማግሌ የቢራ ትዝታ። እኛ ደግሞ እሱን አረምነው።

ጂኑም እንዲሁ ነው። “የድል ጂን” የሚባለውን ለአባላቱ የሚያቀርበው ፓርቲው ራሱ ነው። ሽታው ይሰነፍጣል፣ ሲውጡት እንባ ያመጣል። በመጨረሻው ምዕራፍ ዊንስተን ተሰብሮ ካፌ ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ፣ አስተናጋጁ ሳይጠየቅ መጥቶ ጂኑን ይሞላለታል። ሰውየው ለምን እንደደነዘዘ ከዚያ ይገባናል። በእኛ ቅጂ ግን ሻይ ይሞላለታል። ያንን ያነበበ የ17 ዓመት ልጅ ምን ይረዳል? ጡረታ የወጣ ሰውዬ ካፌ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል ብሎ ያልፈዋል። ጂኑ መጽሐፉ ውስጥ የመጠጥ ማስታወቂያ አይደለም። ክሱ ራሱ ነው። እኛ ለሥነ ምግባር ብለን ክሱን ሰረዝነው።

ሥራ አስኪያጁ ሰማኝ፣ ግን አልተዋጠለትም። “ልጆቹ መልእክቱን ካገኙ ይበቃል” አለኝ።

ያኔ እዚያው አጋዥ መጽሐፍ ውስጥ፣ ጥቂት ገጾች ወረድ ብሎ ያለውን ጉዳይ አነሳሁበት። “ፋራናይት 451” በእ.ኤ.አ. 1953 የወጣ፣ መጽሐፍ ስለሚያቃጥሉ የእሳት ሠራተኞች የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። አሳታሚው በ1967 ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ልዩ እትም አወጣ። በዚያ እትም ከ75 በላይ ቦታዎች ላይ ቃላት ተቀየሩ፣ ስድብ ተሰረዘ፣ ሰካራሙ ሰውዬ “የታመመ ሰው” ተባለ። መጽሐፉ ተቀይሯል የሚል ማስታወሻ የትም አልነበረም። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ገበያ ላይ የሚሸጠው ያው የተቆረጠው እትም ብቻ ሆነ። ብራድበሪ ነገሩን ያወቀው በ1979 ነው፤ ተማሪዎች ጽፈው ከነገሩት በኋላ። ተቆጥቶ ሙሉው እንዲመለስ አደረገ።

ስለ መጽሐፍ ማቃጠል የተጻፈ መጽሐፍ ለዓመታት ተቆራርጦ ተሸጠ፣ ደራሲው እንኳ አላወቀም። ያ አሳታሚም ክፉ አልነበረም። ለተማሪ ብሎ ነው። ልክ እንደኛ።

ልብ ወለዱ ራሱ ይህንን ቀድሞ ተናግሮታል። የእሳት ሠራተኞቹ አለቃ ካፒቴን ቢቲ ከሠራተኞቹ አንዱ ለሆነው ለጋይ ሞንታግ ሲያስረዳው ነገሩ ከመንግሥት አልጀመረም ይላል። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ደስ የማይለውን ነገር ገፋ። ጸሐፊው ማንንም ላለማስቀየም አሳጠረ፣ አለሰለሰ። ግድግዳ የሚያክለው ቴሌቪዥን ሌላውን ጊዜ ሞላው። እሳቱ የመጣው በኋላ ነው፣ አንባቢ ሲጠፋ።

አራሚያችን በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። በደርግ ጊዜ ጀምረው በሙያው የኖሩ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። “እኔ ረቂቅ ተሸክሜ ሳንሱር ቢሮ እሄድ ነበር” አሉ። “የሚሰርዘውን ሰው ፊቱን አውቀዋለሁ። በእስክሪብቶ ነው የሚሰርዘው። ስርዙ ይታየኛል። ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ እንዲህ የሚለው ወጣብን ብዬ እነግራታለሁ። አሁን የወጣውን ማን ያውቃል? ቢራው ባያጋልጠን ኖሮ እኔም ፈርሜ አሳልፈው ነበር።”

ስለ “ኦሮማይ”ም አነሱ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ግርማ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያ ግፍ ከምንም ጋር አይወዳደርም፤ እሳቸውም አላወዳደሩትም። ያሉት አንድ ነገር ነው። “መጽሐፉ እንደተወሰደብን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ ፈለግነው። ተደብቀን አነበብነው።” የተወሰደበትን የማያውቅ ሰው ግን ምን ብሎ ይፈልጋል?

ቅድመ ምርመራ በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል። እኔ ሥራ ስጀምር ሳንሱር ቢሮ የሚባል ነገር በወሬ ብቻ ነው የማውቀው። ዘመናችን የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን በአንድ ሪፕሌስ ኦል የሚጠፋውን ነገር ሳስበው ያስፈራኛል። በእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2009 አማዞን የ“1984”ን የኤሌክትሮኒክ ቅጂ ኪንድል ከሚባለው የገዢዎች የንባብ መሣሪያ ላይ ከርቀት አጥፍቶት ነበር። ቅጂውን የሸጠው ድርጅት የባለቤትነት መብት የለውም ተብሎ ነው፤ ገንዘቡም ተመለሰ፣ ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ። ሰዎቹ ግን ማታ ያስቀመጡት መጽሐፍ ሲነሱ አልነበረም። ማስታወሻ ይዞበት የነበረ አንድ ተማሪ ማስታወሻው የትኛውን ገጽ እንደሚያመለክት ጠፋበት። ወረቀት ቢሆን ኖሮ በር አንኳኩቶ መውሰድ ነበረባቸው። በሩን የከፈተው ሰውም የመጡትን ያያቸው ነበር።

ኦርዌል ራሱ ይህ ገጥሞታል። “1984” በእ.ኤ.አ. 1949 ሊወጣ ሲል አንድ ትልቅ የአሜሪካ የመጽሐፍ ክበብ ፓርቲው ስለፈጠረው ቋንቋ ስለ “ኒውስፒክ” የሚያትተውን አባሪና የፓርቲው ጠላት የተባለውን የጎልድስቲንን መጽሐፍ የያዘውን ክፍል ካወጣህ እንወስድልሃለን አለው። በሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው ነው። ገንዘቡ ብዙ ነው። እምቢ አለ። ክበቡም በመጨረሻ መጽሐፉን እንዳለ ወሰደው።

ይህንንም ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ያሳመነው ግን ይህ አልነበረም። ያሳመነው “ለስላሳብም” ነው። “እንዲህ ሆኖ ከታተመማ መሳቂያ እንሆናለን” አለና የመጀመሪያው ፋይል እንዲመለስ አዘዘ። ቢራውም ጂኑም ተመለሱ። የኅትመት ፕሌት ከመውጣቱ በፊት ሁሉንም ገጽ ከአራሚያችን ጋር ከዋናው ጽሑፍ አመሳከርን። በርክክቡ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ለትምህርት ቤቱ ሰዎች “ቃል በቃል ከዋናው ጋር አመሳክረን ነው የሠራነው” ሲል ሰማሁት። ዝም አልኩ። ያለው እውነት ነበር፤ ያመሳከርነው ግን እኔና አራሚው ነን።

ስለ ቢራው ከትምህርት ቤቱ አንድም ቅሬታ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ በቢሯችን አንድ ደንብ እንዲወጣ ጠየቅሁ። ወደ አርትዖት የገባ ፋይል ትራክ ቼንጅስ የሚባለው የለውጥ መመዝገቢያ ሳይበራ አይነካም። ማን ምን እንደቀየረ ይታያል፤ ተርጓሚው ወይም ደራሲው አይቶ ካልተስማማ አይታተምም። ሥራ አስኪያጁ ሳያንገራግር ፈረመ። እኔም ደስ አለኝ። ስርዙ እንደገና ይታያል ብዬ አመንኩ።

ደንቡ እስከዛሬ ይሠራል። በዚህ መሀል አንድ ወጣት ደራሲ ረቂቅ አመጣልን። ስለ መጪው ዘመን አዲስ አበባ የሚተርክ ነው። ካሜራው፣ ድሮኑ፣ ሰውን ነጥብ የሚሰጠው አፕ፣ ሁሉም በጥሩ እጅ ተጽፏል። አንድ ምዕራፍ ላይ ጓደኛሞች አንዱ ስለታሰረባቸው ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠው ያመሻሉ፣ ይጣላሉ፣ ይላቀሳሉ። የሚጠጡት ማኪያቶ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ማኪያቶ! ደወልኩለት።

“እዚህ ጋ መጀመሪያም ማኪያቶ ነበር?” አልኩት።

“አይ፣ አረቄ ነበር። ከመላኬ በፊት ነው የቀየርኩት። እናንተን እንዳያስቸግራችሁ ብዬ” አለኝ።

“ማን ያስቸግረናል አለህ?”

“ማንም አላለኝም።”

ሌላስ ምን ቀየርክ ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም አለ። “ትዝ አይለኝም፤ እየጻፍኩ እኮ ነው የምተወው” አለኝ። ፋይሉ ላይ አንድም ቀይ መስመር የለም፤ ትራክ ቼንጅስ የሚይዘው ተጽፎ የተሰረዘውን ነው።

አረቄውን መልሶ እንዲጽፈው ለመንኩት። የተወውንም ሁሉ፣ ትዝ እስካለው ድረስ፣ መልሶ እንዲያስገባው። ቁጣ የሚያመጣ ነገር ካለ አብረን እንቆማለን አልኩት። “እሺ፣ ልየው” ብሎኛል። አራሚያችን በየጠዋቱ “ልጁ ላከ?” ይሉኛል። እስካሁን አልላከም።