ተገዝቶ የሚገባ ፒዛ ዋጋውን ያወጣል? ቤት ውስጥ በእንጀራ ምጣድ ስጋግር የደረስኩበት

ፒዛ ስንገዛ በዋነኛነት የምንከፍለው ለሊጡ ሳይሆን ለምድጃው ሙቀት ነው። በእንጨት የሚነድ የፒዛ ምድጃ ከ400 ዲግሪ በላይ ይግላል። ስስ ሊጥ እዚያ ውስጥ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይበስላል፤ ጠርዙ ይነፋል፣ ውስጡ ሳይደርቅ ውጩ ይጠበሳል። የቤት ኦቭን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ250 ዲግሪ አያልፍም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ያ የተከፈለበት ሙቀት ያመጣው ጣዕም ቤት ድረስ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው።

ብዙ ጊዜ አይደርስም። ትኩስ ፒዛ ካርቶን ውስጥ ሲዘጋበት እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ተመልሶ ሊጡን ያረጥበዋል። ከምድጃ ሲወጣ ኮሽ ይል የነበረው ፒዛ በትራፊክ ተይዞ ከቦሌ ሳር ቤት እስኪደርስ ይልፈሰፈሳል። ስስ ፒዛ መግዛት የምመክረው እዚያው ቁጭ ብሎ ለመብላት፣ ወይም መሸጫው የአሥር ደቂቃ መንገድ ከሆነ ብቻ ነው። ይዞ መሄድ ግድ ከሆነ የካርቶኑ ክዳን ገርበብ ይበል። የቀዘቀዘውን ማይክሮዌቭ ውስጥ ማሞቅ ሊጡን ለማኘክ አስቸጋሪ ያደርገዋል። ደረቅ መጥበሻ ላይ በመለስተኛ እሳት ሦስት ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ከዚያ ከመጥበሻው ዳር ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ አድርጎ ለአንድ ደቂቃ መክደን ይሻላል። ሥሩ ይደርቃል፣ ፎርማጆውም ይለሰልሳል።

ዋጋ ሲወዳደር በቁራጭ መቁጠር ያሳስታል፤ ያንኑ ፒዛ ስድስት ቦታም ስምንት ቦታም መቁረጥ ይቻላል። መለካት ያለበት ስፋቱ ነው። ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፒዛ 707 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ የ40ው ደግሞ 1,257። የትልቁ ስፋት የትንሹ 1.8 እጥፍ ያህል ነው ማለት ነው። ዋጋው አንድ ተኩል እጥፍ ከሆነ ትልቁን መግዛት ያዋጣል። ጠርዙንም አስቡት፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ባዶ ጠርዝ ከ30ው ላይ ሩቡን ይወስዳል፣ ከ40ው ላይ ግን ከአምስት አንዱን እንኳ አይሞላም። ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶ ቫቱን መጨመር አለመጨመሩን፣ ካርቶኑ ለብቻው መታሰብ አለመታሰቡን ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ነው።

የጾም ፒዛን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው። ከግብዓቱ ሁሉ ውድ የሆነው ፎርማጆ ወጥቶ ዋጋው እምብዛም ካልቀነሰ የሚከፈለው ለሊጥ፣ ለሽንኩርትና ለቃሪያ ነው። እሱን ቤት መጋገር ይሻላል።

ሊጡ እንዲህ ነው። ለሦስት ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ፒዛ 500 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 310 ግራም ለብ ያለ ውሃ፣ 10 ግራም ጨው እና 3 ግራም ደረቅ እርሾ (አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ)። ዱቄት ሁሉ እኩል ውሃ ስለማይጠጣ ከውሃው ትንሽ አስቀርቶ መጀመርና እየታየ መጨመር ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ይታሻል፣ ይከደናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል። ለቆላ አገር የተጻፈ መመሪያ ሁለት ሰዓት ቢልም መታየት ያለበት ሰዓቱ ሳይሆን ሊጡ ነው፤ እጥፍ ሲሆን ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ሲለጠጥ ይቀደዳል፣ ሲጋገርም ይተኛል። ጊዜ ላለው እርሾውን ወደ 1 ግራም ዝቅ አድርጎ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ጣዕሙን በጣም ያሻሽለዋል። ኩፍ ያለውን 270 ግራም እያደረጉ መድበልበል። ሲዳመጥ እየተሰበሰበ ካስቸገረ ከእሱ ጋር መታገል አያስፈልግም፤ ሩብ ሰዓት ሸፍኖ ቢያሳርፉት ይታዘዛል።

ጥሬ ቲማቲም ፒዛ ላይ ከተደረገ ውሃው ሊጡን ያላቁጠዋል። አንድ ኪሎ የበሰለ ቲማቲም ልጦ፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ግማሽ እስኪሆን ማብሰል፤ ለአንድ ፒዛ 80 ግራም በቂ ነው። ኦሪጋኖ ካልተገኘ ጥቂት የለጋ በሶብላ ቅጠል ቆንጆ ይሆናል፣ ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ግን ሦስት አራት ቅጠል ይበቃል። ፎርማጆ ለአንዱ 120 ግራም ነው። ሞዛሬላ ከተገኘ ጥሩ፣ ፕሮቮሎኔም ይቀልጣል። የእኛ አይብ ግን የረጋው በአሲድና በሙቀት ስለሆነ እሳት ላይ ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም፤ ከወደዱት ፒዛው ከወጣ በኋላ መነስነስ ነው።

አሁን ወደ ምጣዱ። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ሸክላው ወፍራም ስለሆነ ሙቀት ይይዛል፣ የፒዛን ሥር ከቤት ኦቭን ትሪ በተሻለ ያደርቃል። ድክመቱ እሳቱ ከታች ብቻ መሆኑ ነው፤ ፎርማጆው ሳይቀልጥ ሥሩ ያራል። መፍትሔው ሊጡን መገልበጥ ነው። ምጣዱ ለእንጀራ እንደሚግለው ይጋል። ቁንጥጫ ዱቄት ሲነሰነስበት ወዲያው ከጠቆረ በዝቷል፤ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፣ ያንን ዱቄት ጠርጎ መጀመር ይቻላል። የተዳመጠው ሊጥ ዱቄት ከተነሰነሰበት ሰፌድ ላይ ተንሸራቶ ይገባል። ክዳኑ ተገጥሞ ሁለት ደቂቃ፤ ከዚያ ይገለበጣል፣ ምጣዱም ይጠፋል። ማጥፋቱን መርሳት ነው ፒዛውን የሚያሳርረው። የተጠበሰው ገጽ ላይ የበሰለውን የቲማቲም ድልህ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ፎርማጆውን መበተን፣ መልሶ መክደን። ምጣዱ በያዘው ሙቀት አምስት ስድስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ፎርማጆው ካልቀለጠ አንድ ደቂቃ ማብራት ነው።

ክዳኑ ልብ ይባል። የመጀመሪያው እንፋሎት ውስጡን ያላበዋል፤ ሲከፈት ቀጥ ብሎ ከተነሳ ላቡ ፒዛው ላይ ይንጠባጠባል። ወደ ጎን አዘንብሎ ማንሳት፣ ሁለተኛ ከመክደን በፊት ውስጡን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ደግሞ በአንድ በኩል ገርበብ ማድረግ ያስፈልጋል። ኮባ ማንጠፍ ያምራል፣ መዓዛውም ደስ ይላል፣ ግን እርጥበት ስለሚይዝ ለድፎ ዳቦ እንጂ ለፒዛ አይሆንም።

የፎርማጆ ቅባት ሸክላው ላይ ከፈሰሰ በማግስቱ እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ ይይዛል። ስለዚህ ፎርማጆውን ከጠርዙ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ማቆም ይገባል። ከፈሰሰም ሳሙና አይነካውም፤ ምጣዱ ለብ ሲል በደረቅ ጨርቅ መፈግፈግ፣ ቀጥሎ ሞቅ አድርጎ በተፈጨ ጎመን ዘር ደጋግሞ ማሰስ ነው። የመጀመሪያዋን እንጀራ ትንሽ አድርጎ መሞከር፤ ሳትይዝ ከወጣች ምጣዱ ተመልሷል።