ሦስት ቦታ የቆረጥኩት ግድግዳ

ኤዲቲንግ ክፍል ከገባሁ አራተኛ ዓመቴ ነበር። እጄ ፈጣን ነው እየተባልኩ የምኮራበት ጊዜ። የምሠራበት ጣቢያ እሁድ ከሰዓት የሚተላለፍ የኪነ ጥበብ መሰናዶ ነበረው። አንድ ሐሙስ ለመሰናዶው የተጠራው ሙዚቀኛ ቀረና አለቃችን በሩን ገፋ አድርጎ "አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚሞላ ነገር ፈልግ፣ ቅዳሜ ማታ ይድረስልኝ" ብሎኝ ሄደ።

ጀምሬ የተውኩት አንድ ሥራ ነበረኝ፤ ስለ አሜሪካዊው የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን ባስተር ኪተን። ድምፅ አልባ ፊልም ሲባል እኛ ዘንድ ሁሉም ሰው የሚያነሳው ቻርሊ ቻፕሊንን ነው። ይሄ ጠፍጣፋ ባርኔጣ የሚያደርገውን፣ ቤት ቢፈርስበት ፊቱ የማይፈታውን ሰውዬ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኔም የወደድኩት ለዚሁ ነበር።

ታሪኩ ደግሞ ለትረካ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1895 ካንሳስ ውስጥ ፒክዋ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከከተማ ከተማ እየዞሩ መድረክ ላይ የሚያስቁ ሰዎች ስለነበሩ ገና በሕፃንነቱ አብሯቸው ወጣ። ሥራው መወርወር ነበር። ልብሱ ላይ የሻንጣ እጀታ ሰፍተውለት አባቱ በዚያ ያነሳውና ከመድረኩ ወዲያ ይወረውረዋል። ልጁ ወድቆ ሲነሳ ከሳቀ ተመልካቹ ዝም ይላል፤ ኮስተር ብሎ ከተነሳ ግን አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ይህን ካወቀ በኋላ ያንን ፊት አልተወውም። በ1917 ኒውዮርክ ውስጥ ከዝነኛው ኮሜዲያን ከሮስኮ አርባክል ጋር ፊልም ሲጀምር ደግሞ ገና ከጅምሩ ካሜራውን ወስዶ ፈታቶ አየ፣ መልሶም ገጠመው። ይህችን ስጽፍ የእኛ ንብረት ክፍል ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። እኛ ዘንድ ባትሪ ለመቀየር እንኳ ይፈረማል።

መሰናዶውን የገነባሁት በአንድ ቀረጻ ዙሪያ ነው። በ1927 በጋ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳክራሜንቶ ወንዝ ዳር ለ"ስቲምቦት ቢል ጁኒየር" ፊልም የተቀረጸው። ከተማው በአውሎ ነፋስ ሲፈርስ ኪተን መንገድ ላይ ቆሟል፤ ከበስተኋላው ያለው ቤት የፊት ግድግዳ ሙሉውን ይነቀልና ላዩ ላይ ይወድቃል። እሱ ግን ልክ መስኮቱ በሚያርፍበት ቦታ ስለቆመ ግድግዳው ዙሪያውን ያልፈዋል። ሁለት ቶን ያህል የሚመዝን እውነተኛ ግድግዳ ነበር።

እኔ ምን አደረግኩ? ግድግዳው መነቀል ሲጀምር ቆረጥኩ። ፊቱን በኮምፒውተር አጎላሁት። እንደገና ቆረጥኩ፤ ግድግዳው በስሎው ሞሽን ይመጣል። ሦስተኛ ቆርጬ ወደ ሰፊው ምስል ተመለስኩና መሬት ሲመታ የነጎድጓድ ድምፅ ለቀቅሁበት። ከዚያ ደግሜ አሳየሁ። በዚህ ሁሉ ላይ ተራኪያችን "ተመልካቾቻችን፣ ትንፋሻችሁን ዋጥ አድርጉ!" እያለ ይጮሃል። ቅዳሜ ማታ አስረክቤ ስወጣ ከዚህ የተሻለ ሠርቼ አላውቅም ብዬ ነበር።

እሁድ ተላለፈ፤ ስልክም መጣ። አለቃችን በጣም ደስ አለው። ሰኞ ጠዋት የስልክ ተቀባይዋን ደብተር ስናይ ግን ከደወሉት አብዛኞቹ ያሉት ተመሳሳይ ነው። "ቅንብር ነው።" "ግድግዳው ካርቶን ነው።" አንዱ ጭራሽ "በኮምፒውተር የተሠራውን እውነት ነው ብላችሁ አታታሉን" ብሏል። በ1927! አለቃችን ሳቀና "ዋናው ማየታቸው ነው" አለ። እኔ ግን በሰዉ ተናደድኩ። እውነቱ እየተነገረው የማያምን ሕዝብ ምን ይደረጋል እያልኩ ለሻይ ወረድኩ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ጋሼ ተቀምጠዋል። ስማቸውን አልጽፍም፤ ግቢው ውስጥ ጋሼ ሲባል እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው፣ ፊልም በመቀስ እየተቆረጠ በሚጣበቅበት ዘመን ሥራ የጀመሩ የካሜራ ሰው።

"አንተ ልጅ፣ ትናንት ያንን ቤት ያፈረስከው አንተ ነህ?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ፣ አዩት እንዴ? ሰዉ እኮ ቅንብር ነው ይላል።"

"እኔስ መች አመንኩህ።"

የሚቀልዱ መሰለኝ። ስኳራቸውን አማስለው፣ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀምጠው፣ "ዋናውን ምስል አሳየኝ፤ ሳትነካው" አሉ።

ወጣንና ከፈትኩላቸው። ድምፁን እንድዘጋ ጠየቁኝ። ሰፊ ምስል ነው። ቤቱ ከላይ እስከ ታች ይታያል፣ ሰውዬው ከፊቱ ትንሽ ሆኖ ቆሟል፣ ካሜራው ንቅንቅ አይልም። ግድግዳው መጣ፣ ወደቀ፣ አቧራው ተነሳ፣ ሰውዬው ቆሟል። ጥቂት ሰከንድ ናት። ጋሼ "ድገመው" አሉ። አራት ጊዜ አዩት። በአምስተኛው ግድግዳው ሊነቀል ሲል እጃቸውን ሰዱና አስቆሙት።

"እዚህ ጋ ነው የቆረጥከው፣ አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲህ እኔ ሌባ ብሆን የምቆርጠው እዚሁ ነው። ሰውዬውን አውጥቼ አሻንጉሊት የማስገባው፣ ካርቶኑን የምጥለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ምን አጠፋ ታዲያ?"

የምመልሰው አልነበረኝም። ጆሮዬ ሲግል ይታወቀኛል። ያ ቀረጻ ማስረጃው አለመቆረጡ ነው። ግድግዳውና ሰውዬው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ምስል ውስጥ መሆናቸው ነው። እኔ ማስረጃውን ሦስት ቦታ ቀድጄ፣ በድምፅ ሸፍኜ፣ ሰዉን እመነኝ አልኩት።

ጋሼ ግን ቀጠሉ። እንዴት እንደተሠራ ጠየቁኝ። ሳነብ አልፌው የነበረውን ነገርኳቸው። መጀመሪያ የግድግዳውን አጽም በማጠፊያ አያይዘው መሬት ላይ አጋደሙት። ኪተን ቆመበትና መስኮቱን በእሱ ቁመናና ትከሻ ልክ ዙሪያውን ሠሩለት፤ በየትከሻው በኩል የቀረው ክፍተት ሁለት ሁለት ኢንች ነበር። ተረከዞቹ የሚያርፉበት ቦታ ላይ ትልልቅ ሚስማር መቱ። ከዚያ ግድግዳውን መልሰው አቁመው ጨረሱት። ጋሼ አራት ጣታቸውን አጋድመው ትከሻቸው ላይ ለኩና "ይቺን ታህል?" አሉ። ከዚያ ጸጥ ብለው፣ "ይሄን ነበር የምትነግረን። ትንፋሽ ዋጡ ብሎ ትዕዛዝ ምንድነው?"

ከሰዓት አለቃችን ዘንድ ገብቼ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሰዉ ልክ ነው፣ ልድገመው አልኩት። ጊዜ የለም፣ ሰው ረስቶታል፣ አለ። ከሁለት ወር በኋላ በበዓል ሰሞን ክፍት ቦታ ሲገኝ ግን ፈቀደልኝ።

ሁለተኛውን ሥራ ስሠራ ዕቃውን ሁሉ በሌላ ዓይን አየሁት። ኪተን አደገኛ ነገር ሲሠራ ካሜራውን አርቆ፣ ሙሉ ሰውነቱን አሳይቶ፣ ሳይቆርጥ ነው። በ1926 ለ"ዘ ጄኔራል" ኦሪጎን ውስጥ ኮቴጅ ግሮቭ አጠገብ ድልድይ አቃጥሎ እውነተኛ ባቡር ወንዝ ውስጥ ሲጥልም እንዲሁ ነው። ያ አንድ ቀረጻ 42,000 ዶላር አስወጥቷል፣ ፊልሙ ገበያ ላይ አልተሳካለትም፣ ባቡሩም እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዙ ውስጥ ቀርቶ ኋላ ለብረቱ ተነቅሎ ተወሰደ። በ1924 ለ"ሸርሎክ ጁኒየር" ከባቡር የውሃ ማማ የወረደው ውሃ ሐዲዱ ላይ ጥሎት ራሱን አመመው፤ ሥራውን ቀጠለ። አንገቱ ተሰብሮ እንደነበር የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ሐኪም ራጅ ሲያነሳው ነው። ያ ውድቀት ፊልሙ ውስጥ አለ። እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ እሱንም ቆርጬዋለሁ።

መጀመሪያ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያለፍኩት የመጨረሻው ዘመን ደግሞ አሁን ጊዜ ወሰደብኝ። በ1928 የራሱን ስቱዲዮ ትቶ ኤም ጂ ኤም ለተባለው ትልቅ ኩባንያ ፈረመ። ቻፕሊንና ሌላው የዘመኑ ኮሜዲያን ሃሮልድ ሎይድ ተው ብለውት ነበር። እዚያ ድርሰቱን የሚወስን ሌላ፣ የሚቆርጠው ሌላ፣ አደገኛውን የሚወድቅለትም ሌላ ሰው ሆነ። በዚያው ላይ ድምፅ ያለው ፊልም መጣ፤ መጠጡ በረታ፣ ትዳሩ ፈረሰ፣ በ1933 ተባረረ። ኋላ እዚያው ኩባንያ ተመልሶ በሳምንት 100 ዶላር ለሌሎች ቀልድ ይፈጥር ነበር። ይሄን ክፍል በዝግታ፣ ፎቶዎቹን ረጅም ይዤ ሠራሁት። አለቃችን "ይጎተታል" ብሎ ሠላሳ ሰከንድ አስቆረጠኝ። አልተከራከርኩም፤ ግድግዳው ብቻ እንዳይነካ ለመንኩት።

በድጋሚ ሲተላለፍ ግድግዳው ሙሉ ነበር። ከእሱ በፊት ተራኪው ስለ ሁለቱ ኢንችና ስለ ሚስማሮቹ ረጋ ብሎ ይናገራል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ምንም ድምፅ የለም። መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው ተረኛ ድምፅ የጠፋ መስሎት ደንግጦ ደውሎልኛል።

በዚያ ቀን ስልክ ብዙም አልመጣም። ማታ ስወጣ ግን የበሩ ጥበቃ፣ በረኛ ክፍሏ ያለችውን ትንሽ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው፣ ፍተሻውን ትቶ አስቆመኝ።

"ያ ሰውዬ ከዚያ በኋላ ኖረ?"

"ኖረ፤ ሽልማትም አገኘ፣ ሰባ ዓመት ሞልቶት በ1966 ነው የሞተው።"

"ወድቆ?"

"የለም፣ በሳንባ ካንሰር።"

"ሲጋራ?" አለና አናቱን ነቀነቀ። "ያንን አምልጦ!"